ሽፍታ የተባሉት የቁርኣን መምህር

ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር (ረሒመሁላህ) በፋሺስት ጣሊያን መዝገብ የሰፈሩት የሽፍታ አለቃ ተብለው ነው። ሲሰቀሉ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ጢማቸው የነጣ፣ መነጽር የሚያደርጉ የቁርኣን መምህር ነበሩ። ያሰቀላቸውን ሰው እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው።

ስለ እኚህ ሰው ለመጻፍ ያነሳሳኝ የፊልም ነገር ነው። በልጅነቴ ሆሳዕና ውስጥ ቪዲዮ ቤት ያልገባ ልጅ ማግኘት ይከብድ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የነቸክ ኖሪስንና የነሽዋዚንገርን ፊልም እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ዴልታ ፎርስ አውሮፕላን ጠላፊው ዐረብ ነው፤ በ1994ቱ ትሩ ላይስ ኒውክሌር ቦምብ ይዞ የሚያስፈራራውም ዐረብ ነው። እንግሊዝኛው ባይገባንም ጠላት ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ከዚያ ወዲያ ኮፍያዬን አድርጌ ወደ መድረሳ ስሄድ የሰፈሬ ልጆች አሸባሪ እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ ማታ አብረን ኳስ እንጫወታለን፤ በዒድ ቀን ቤታችን መጥተው ይበላሉ። በሐድያና በከምባታ ከተሞች ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ጉርብትናው የጠና ነው። ሆኖም ጎረቤት ያላስተማረውን ስም ፊልሙ አስተማራቸው።

ነገሩ የሆሳዕና ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጃክ ሻሂን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር፣ ያውም የሊባኖስ ዝርያ ያላቸው ክርስቲያን፣ ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምረው በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ዐረብን በበጎ የሚያሳዩት ደርዘን ያህል ብቻ ሆነው ማግኘታቸውን ገልጸዋል።

እንግዲህ ወደ ሸይኹ ሕይወት እንመለስ። ዑመር አል-ሙኽታር የተወለዱት በምሥራቅ ሊቢያ፣ በጦብሩቅ አካባቢ፣ ከ1850ዎቹ መጨረሻ እስከ 1860ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። አባታቸው ለሐጅ ወደ መካ ሲጓዙ መንገድ ላይ ስላረፉ ያደጉት በየቲምነት ነው። በጀግቡብ፣ የሰኑሲያ ጠሪቃ ዋና ማእከል በነበረችው የበረሃ ከተማ፣ ለዓመታት ቁርኣንና የሸሪዓ ትምህርት ተማሩ። ከዚያም በጀበል አል-አኽደር፣ ማለትም በአረንጓዴው ተራራ፣ የአንድ ዛዊያ ኃላፊ ሆነው ማስተማርና ጎሳዎችን ማስታረቅ ያዙ። ፈረንሳዮች ቻድን ሲወሩ ከሰኑሲያ ተዋጊዎች ጋር ወደዚያ ዘምተው ተመልሰዋል።

ጣሊያን ሊቢያን የወረረችው በ1911 ነበር። ሸይኹ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ሌላው ሰው የልጅ ልጅ የሚያቅፍበት ዕድሜ ነው። እሳቸው ግን ለሃያ ዓመት ከፈረስ አልወረዱም። ከ1923 በኋላ የተራራውን ተዋጊዎች በሙሉ የመሩት እሳቸው ናቸው። አውሮፕላንና ታንክ ያለውን ጦር በጥቂት ፈረሰኞች ማታ ይመቱታል፤ ሲነጋ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላሉ።

ግራዚያኒ በ1930 ወደዚያ ሲላክ ነገሩ ገባው። ተዋጊውን ለመያዝ ሕዝቡን ማንሳት ነበረበት። 100 ሺህ ገደማ የተራራው ነዋሪ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ ከነከብቱ እየተነዳ በበረሃ ካምፖች ታጎረ። በረሃብና በበሽታ ያለቀው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በግብፅ ድንበር ላይ ደግሞ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ሸይኹ ፈረሳቸው ተመትቶ ወደቁና ተያዙ። የያዟቸው ለጣሊያን ያደሩ የገዛ አገራቸው ፈረሰኞች መሆናቸውን መደበቅ አይገባም። በ15ኛው ቀን ቤንጋዚ ላይ ተፈረደባቸው፤ በማግስቱ ሱሉቅ በተባለው ካምፕ 20 ሺህ ገደማ እስረኛ እንዲያይ ተደርጎ ተሰቀሉ።

ግራዚያኒ ከዚያ በኋላ ወደኛ መጣ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ምን እልቂት ለአንባቢ መተረክ አያስፈልግም። በዚያው ወር ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተረሸኑ። እሳቸውም በጣሊያን አንደበት ሽፍታ ነበሩ። ሙስሊሙ ሸይኽና ክርስቲያኑ ራስ በአንድ ሰው ዘመን አንድ ዓይነት ስም ተሰጣቸው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጣሊያን ከኤርትራና ከትግራይ የመለመለቻቸውን ብዙ ሺህ ወታደሮች ሊቢያውያንን እንዲወጉ ስትልክ ቆይታ፣ በ1936 ደግሞ ሊቢያውያንን አምጥታ በኦጋዴን ግንባር ኢትዮጵያውያንን አስወጋች።

የሸይኹን ስም በፊልም ዓለም ያነሱት የሐለብ (አሌፖ) ተወላጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ናቸው። ቀደም ሲል አር-ሪሳላ የተባለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሚያሳይ ፊልም ሠርተዋል፤ የሐበሻው ነጃሺ ስደተኞቹን ሲቀበሉ የሚታየው በዚሁ ነው። በ1981 የበረሃው አንበሳ የተሰኘውን አወጡ። አንቶኒ ኩዊን ሸይኹን፣ ኦሊቨር ሪድ ግራዚያኒን ሆነው ተጫወቱ። ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ገንዘብ የመጣው ከቀዛፊ ነው፤ የገንዘቡ ምንጭ ብዙ ቢያስወራም በፊልሙ የሚታየው ካምፕና ስቅላት ግን በታሪክ የተመሰከረ ነው። የተማረከ ወጣት መኮንን ሸይኹ በነፃ ሲለቁት የሚያሳየውን ክፍል ያየ ሰው፣ በቪዲዮ ቤት የለመደውን ዐረብ አያገኝም። ፊልሙ በገበያ ከሰረ፤ ጣሊያንም የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ በ1982 ከለከለችው።

በሆሊዉድ ላይ የምናሰማው ወቀሳ እውነተኛ እንዲሆን ከፈለግን የዐቃድን አሟሟት አብረን መናገር አለብን። ኖቬምበር 9 ቀን 2005 ዐማን ከተማ ሆቴሎች ላይ በተጣለው የአጥፍቶ ጠፊዎች ቦምብ ልጃቸው ሪማ ሞተች፤ እሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ ተከተሏት። ኃላፊነቱን የወሰደው የዒራቁ አል-ቃዒዳ ነው። የሙስሊሙን መልክ በፊልም ለማጽዳት የደከመውን ሰው የገደሉት፣ በእስልምና ስም እየማሉ የዴልታ ፎርስን ታሪክ በተግባር የሚጽፉት ናቸው።

የበረሃው አንበሳ በጣሊያን ቴሌቪዥን የታየው ቀዛፊ ሮምን በጎበኘበት በ2009 ነበር። ቀዛፊ ከአውሮፕላን ሲወርድ ደረቱ ላይ የለጠፈው የሸይኹን የመያዝ ቀን ፎቶግራፍ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ አፊሌ የምትባለው የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቆመች።