ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን

የተከበራችሁ የዕድራችን አባሎች፣ አዲስ አበባ ከየአገሩ በመጣ ሰው የቆመች ከተማ ናት። ከነዚህም አንዱ አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ።

የተወለዱት በቱርክ ግዛት በአይንታብ ከተማ ነው። በ1907 ዓ.ም. በአርመኖች ላይ እልቂት ወረደና ብዙ ሕፃን ያለ ወላጅ ቀረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ገብተው፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉት ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አርባ ልጆች መባላቸውም ከዚህ ነው። ሙሴ ኬቮርክ አስተማሪያቸው ሆነው መጡ።

የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል እስከ 1967 ዓ.ም. ያገሩ መዝሙር እሱ ነበር። እኔም በልጅነቴ ባንዲራ ሲሰቀል ዘምሬዋለሁ፤ ዜማው የስደተኛ ሥራ መሆኑን ግን ያኔ የነገረን የለም። በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ባሁኑ ብሔራዊ ቲያትር፣ በሙዚቃ አገልግለዋል።

እንግዲህ አገሩን ያጣ ሰው ላገራችን መዝሙር ሰጠ ማለት ነው። እኛስ ብንሆን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን አይደል ባንድ ድንኳን የተሰበሰብነው? ስለዚህ አዲስ ጎረቤት ሊመዘገብ ሲመጣ፣ ከየት መጣህ እያልን አናሳፍረው።