የቃቄ ውርድወት

ዛሬ የወልቂጤ ከተማ በምትገኝበት በሰባት ቤት ጉራጌ አገር፥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ፥ ውርድወት የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ቃቄ ይባል ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ የቃቄ ውርድወት ብሎ ይጠራታል፤ ይኸውም የቃቄ ልጅ ውርድወት ማለት ነው። በዚህ አጠራር የአባት ስም ይቀድማል፥ የልጅቱ ስም ይከተላል። ጸሐፊዎች ስሟን በአንድ ፊደል አይጽፉትም፤ አንዱ ውርድወት፥ ሌላው ወርድወት፥ ሦስተኛው ወርድዎት ይለዋል፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ አንዲት ሴት ነው።

ሴትን በአባቷ ስም መጥራት በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው። በግዕዝ ወለተ ማለት ሴት ልጅ ማለት ስለ ሆነ፥ ወለተ ጴጥሮስ ወይም ወለተ ማርያም እየተባለ የክርስትና ስም ይወጣል። ሩቅ በሆነው በአየርላንድ አገርም ከሴት ልጅ የቤተ ሰብ ስም ፊት ኒ የሚል ቃል ይገባል፤ ትርጓሜውም ልጅነቷን ያመለክታል። ውርድወትም አግብታ ሳለች እንኳ በሕዝብ አፍ የቀረችው የባሏ ሚስት ተብላ ሳይሆን የአባቷ ልጅ ተብላ ነው።

በዚያን ዘመን ባለ ጸጋ የሆነ ወንድ ብዙ ሚስት ያገባ ነበር። ሴቶቹም እንሰት እየፋቁ፥ ቆጮ እየጋገሩ፥ ልጆች እያሳደጉ በየጎጇቸው ይኖሩ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን አንቂት የሚባለው ማሰሪያ ነበር። ሚስት ባሏን ጠልታ ብትሄድ፥ እርሱ ወዶ ካልፈታት በቀር፥ ሌላ ባል ለማግባት አትችልም ነበር፤ ብታገባ መቅሠፍት ይደርስባታል ተብሎ ይታመን ነበርና። ወንዱ ግን በሚስቱ ላይ ሌላ ሲያገባ የሚከለክለው አልነበረም።

ውርድወት በባሏ ላይ ሌሎች ሚስቶች ባየች ጊዜ አዘነች። ብዙ ሴቶች እንዲህ ያለውን ኀዘን በጎጇቸው ውስጥ ተሸክመውት ይኖሩ ነበር፤ እርሷ ግን ወደ አደባባይ አወጣችው። ሴቶችን ሰብስባ ወደ የጆካ ሸንጎ ሄደች። የጆካ ማለት ከቸሃ፥ ከእዣ፥ ከእነሞርና ከሌሎቹም ቤቶች የመጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቂጫ በሚባለው በአባቶች ሕግ የሚፈርዱበት ስፍራ ነው። በዚያ ሸንጎ ሴት ከፈራጆች ጋራ አትቀመጥም ነበር። ስለዚህ ውርድወት የቆመችው ከባሏ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ሁሉ ልማድ ጋራ ለመሟገት ነው፤ ብትሸነፍ እርግማኑም ኀፍረቱም በእርሷ ላይ ይወድቅ ነበር።

ክርክሯ አጭር ነበረ። ወንድ ብዙ ሚስት ማግባት ከተፈቀደለት ሴትም ብዙ ባል ታግባ፤ ይህ የማይገባ ከሆነ ወንዱም በአንዲት ይጽና አለች። ደግሞም ሴት ከአንቂት ተፈትታ የወደደችውን እንድታገባ ለመነች። ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ፤ ነገሩን ንቀው መተው አልቻሉም፥ በሙሉ መቀበልም ከበዳቸው።

የፍርዱን ነገር ተራኪዎች ሁሉ እንደ አንድ አድርገው አይናገሩም። አንዳንዶቹ ለራሷ ተፈቀደላት ይላሉ፤ ሌሎቹም ሴቶቹ ለጥቂት ጊዜ ደስ ካላቸው በኋላ ልማዱ ተመለሰ ይላሉ። አንቂትም ብዙ ሚስት ማግባትም ከእርሷ በኋላ አልጠፉም።

ስሟ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቆይቶ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በብሔራዊ ቴአትርም ታሪኳ በመድረክ ታየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ ያገባ ሰው ጋብቻው ሳይፈርስ ሌላ እንዳያገባ ከለከለ፤ ከባልና ከሚስትም ማንኛቸውም ፍቺ እንዲጠይቁ ፈቀደ። የቃቄ ልጅ በየጆካ ሸንጎ ቆማ ይህን ከጠየቀች ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።