ማርቲን ወይስ እሸቴ?

እዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር ሕግ መማሬን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ስለዚህ ወረቀት ያስቸገረው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚሞላ ፎርም ይዞ መጣ። ሁሉንም ሞልቶ አንዲት ሳጥን ላይ ቆሟል፤ የቤተሰብ ስም የምትለዋ ላይ። የአባቱን ይጻፍ ወይስ የአያቱን? የአያትህን ጻፍ ብዬ ሸኘሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ያቺ ሳጥን ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች፤ አንድ ሰውም ትዝ አሉኝ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። በሌላ ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን።

አንድ የጎንደር ተወላጅ እንዴት ማርቲን ተባለ? ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። በዚያ ትርምስ ከወላጆቹ የተነጠለውን ሕፃን ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌን የተባሉ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዱት። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉ። ከአንደኛው ቻርልስ፣ ከሁለተኛው ማርቲን ተወሰደና ቻርልስ ማርቲን የሚባል ሰው ተገኘ። እሸቴ የሚባል አባት እንደነበረው የሚነግረው በአጠገቡ አልነበረም።

መቼም ስም መነሻ አለውና የእነዚህንም እንይ። ቻምበርሌን የሹመት ስም ነው፤ በእኛ ቢሆን እልፍኝ አስከልካይ እንደ ማለት። ማርቲን ደግሞ ከሮማውያን የጦርነት አምላክ፣ ከማርስ የመጣ ነው። ስሙን በአውሮፓ ያስፋፋው ግን ካባውን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ለለማኝ አካፈለ የሚባልለት የአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ፣ የቱሩ ማርቲን ነው። በፈረንሳይ ተወዳጅ የነበረው ይህ ስም፣ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በዚያም ተስፋፋ። ከዚያ በፊት እንግሊዞቹም እንደኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወራረስ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ቀስ በቀስ ነው አንጥረኛው ስሚዝ፣ የጆን ልጅ ጆንሰን፣ የማርቲን ልጅ ማርቲን ሆኖ የቀረው። ጦርነት ያፈናቀለው የጎንደር ሕፃን የጦርነት አምላክንም፣ ካባውን ያካፈለውን ቅዱስም በአንድ ስም መሸከሙ ይገርመኛል።

ቻርልስ ማርቲን በላሆር ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሠሩ። የዓድዋ ድል ዜና ሲሰማ ግን ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገብተው ከአፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ወሬው ሲዛመት አንዲት አሮጊት መጡ። በገላቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጄ ነው አሉ። አያታቸው ነበሩ። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን ያገኙትም ያን ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ስም በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም። የነበረው በአሮጊቷ ልብ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልዑል ዓለማየሁ ትዝ ይለኛል። እሱም ከዚያው ከመቅደላ ነው የተወሰደው። ስሙ አልተቀየረም፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነውና ማንነቱን ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገር ግን አልተመለሰም። በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አንዱ ስሙን ይዞ አገሩን አጣ፤ ሌላው ስሙን አጥቶ አገሩን አገኘ።

ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ስሞች ይዘው ኖሩ። አገር ቤት ሐኪም ወርቅነህ፣ በኋላም አዛዥ ወርቅነህ ተባሉ፤ እንግሊዞች ዘንድ ግን ዶክተር ማርቲን ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል። ጨርጨርን አስተዳድረዋል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። እንግዲህ ያ የእንግሊዝ ስም ለኢትዮጵያ ተሟገተ ማለት ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። ማርቲን መባላቸው ከሞት አላዳናቸውም። አባትየው ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በቁጥር 32፣ እያንዳንዱ ሰው ከተጸውኦ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛ ግን ዛሬም ራስ፣ አባትና አያት እያልን ነው የምንጠራው። ተማሪ ሳለሁ ይህን የሕዝብ ቸልተኝነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ዛሬ ግን ሕጉ ነው የሳተው እላለሁ። ስም እንደ ግብር በአዋጅ አይጣልም። ሰው የሚያውቁት ሰዎች ተስማምተው የሚይዙለት ነገር ነው። የቤተሰብ ስም የሚያስፈልገው ሰው ፈቅዶ ይያዝ፤ ማንም አይከልክለው። ዘመዱ ሁሉ የማያውቀውን ስም ለሳጥን ሲባል መጫን ግን ሌላ ነገር ነው።

ማታ ልጁ ቤት ሄድኩ። የአያቱን ስም ሞልቶ ፎርሙን ልኮታል። ስለ አያቱ ምን እንደሚያውቅ ስጠይቀው ግን ከስማቸው በቀር ምንም አልነበረውም። እናቱ ቡና እያፈላች ነበርና ጥያቄዬን ወደ እሷ አዞርኩት። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳም ስለ ሰውየው ነግራን አልጨረሰችም።