ሄንሪ ግሬዲ፦ ስሙ ከትምህርት ቤት ወርዶ በሆስፒታል የቀረ ሰው



በአገር ቤት የምናሠራው ትምህርት ቤት በማን ስም ይጠራ በሚለው ላይ ዘንድሮ ብዙ ተከራክረናል። ገሚሱ ያካባቢያችን አርበኛ ስም ይሁን ይላል፤ ገሚሱ ትልቁን መዋጮ ያደረጉት አባታችን ይሁኑ ይላል፤ ሌላው የቀበሌው ስም ይበቃል ይላል። እኔ አትላንታ የምኖር ነርስ ነኝና፣ ይህች ከተማ የተከራከረችበትን የአንድ ሰው ሕይወት ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ግሬዲ በ1850 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት አቴንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በእርስ በርሱ ጦርነት ከደቡቦቹ ጋር ዘምተው ቆሰሉ፤ በ1864 ሞቱ። ሄንሪ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ጋዜጠኛ ሆነ። በ1880 በ20,000 ዶላር ብድር የአትላንታ ኮንስቲትዩሽን ጋዜጣን ሩብ ድርሻ ገዝቶ የዝግጅት ክፍሉን ይመራ ጀመር።

በጦርነቱ የተቃጠለችው አትላንታ ፋብሪካ፣ ባቡርና ንግድ እንዲኖራት ያለ ዕረፍት ይጽፍ ነበር። በ1886 ኒውዮርክ ላይ ስለ አዲሱ ደቡብ ያደረገው ንግግር በመላ አገሪቱ ስሙን አስጠራው። ጆርጂያ ቴክ የሚባለው የምሕንድስና ትምህርት ቤት እንዲቋቋምም ከወተወቱት አንዱ ነበር።

ይኸው ሰው ግን ነጮች በጥቁሮች ላይ የበላይ ሆነው መኖር አለባቸው ብሎ በአደባባይ ያስተምር ነበር። ዳላስ ላይ ባደረገው ንግግር ይህን በግልጽ ተናግሯል። ለሰሜን ባለሀብቶች የዘር ጉዳይ ለደቡብ ነጮች ይተው እያለ ካፒታላቸውን ይጋብዝ ነበር።

በዲሴምበር 1889 ታምሞ ሳለ ቦስተን ሄዶ ንግግር አደረገ። ሕመሙ ጠንቶበት ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ23ኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ። 39 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ አልነበረም፤ ሳንባ ምች ጎልማሳውንም ቶሎ ይወስድ ነበር።

ለድሆች የሚሆን የሕዝብ ሆስፒታል ይሠራ ሲል ይወተውት ስለነበር፣ በ1892 የተከፈተው ሆስፒታል በስሙ ተጠራ። በሆስፒታሉ ጥቁሮችና ነጮች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለየብቻ ነበር የሚታከሙት። በ1947 ደግሞ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙን ያዘ። እዚያም እስከ 1961 ድረስ ጥቁር ተማሪ አይገባም ነበር።

በ2020 ትምህርት ቤቱ ይህን ስም መያዙ ይብቃ ተባለ። ስም መራጭ ኮሚቴው በባርነት ተወልዳ፣ ጥቁሮች በመንጋ ፍርድ መገደላቸውን በጋዜጣ ያጋለጠችውን አይዳ ቢ. ዌልስን አቀረበ። የተከበረች ሴት ናት። ሆኖም ብዙ ተማሪዎች ድምፃችን አልተሰማም፣ የሰፈሩ ስም ይሻለናል አሉ። ቦርዱ ውሳኔውን አዘግይቶ ተማሪዎቹን ጠየቀ፤ በዲሴምበር 2020ም ሚድታውን የሚለውን አጸደቀ። አዲሱ ስም በ2021 ሥራ ላይ ዋለ።

ሆስፒታሉ ግን ዛሬም ግሬዲ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ስደተኛ፣ መኪና የገጨው፣ በጥይት የተመታ ወደዚያ ይወሰዳል። እዚያ የተወለዱ ብዙ ጥቁር የአትላንታ ሰዎች ራሳቸውን ግሬዲ ቤቢ ብለው በኩራት ይጠራሉ። በእነሱ አፍ ስሙ የጋዜጠኛው መሆኑ ቀርቶ የእናቶቻቸው ማዋለጃ ሆኗል።

በእኛም አገር ከአብዮቱ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ ጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ግን የእንግሊዙን መኮንን ስም እንደያዘ ቀርቷል። ስም እንዲህ ነው፤ አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ይሰነብታል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሚታጨው ሰው ሕይወት መልካሙም ክፉውም በአንድ ገጽ ተጽፎ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ይነበብልን። ሁለተኛ፣ በዚያ ግቢ የሚማሩትን ልጆችና ወላጆቻቸውን እንጠይቅ። ገንዘቡን ያዋጣነው እኛ ብንሆንም፣ ስሙን በየቀኑ በደብተራቸው ላይ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ቆርቆሮው ሳይመታ፣ ታፔላው ሳይሰቀል ብንነጋገር ኋላ ከመፋቅ ያድነናል።