ማረሻ ሳይጨብጥ የሞተው ገበሬ

ሰባት ቤት መቁጠር የሚያውቀው የእኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሞንትሪያል ከመጣሁ በኋላ ግን አንድ የኩቤክ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ የአሥራ ሁለት ትውልድ ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት ዘርግቶ አፌን አስያዘኝ። ከሁሉ በላይ የሰፈረው ስም ሉዊ ኤቤር ይላል፤ ኩቤኮች የመጀመሪያው ገበሬያችን የሚሉት ፈረንሳዊ ነው። ባልደረባዬ ግን የቤተሰቡ ስም ኤቤር አይደለም። ይህ ግራ አጋባኝና የሰውየውን ታሪክ ማሰስ ጀመርኩ።

ኤቤር ከገበሬ ቤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1575 ገደማ ፓሪስ ውስጥ ከመድኃኒት ቀማሚ ተወልዶ የአባቱን ሙያ የያዘ ሰው ነው። በ1606 ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ምድር ወደነበረችው ፖርት ሮያል ተሻገረ። ሰፈሯን በ1613 እንግሊዞች አቃጠሏትና ፓሪስ ገባ፤ ልቡ ግን እዚያው ቀርቶ ነበር።

በ1617 የኩቤክን የአውሬ ቆዳ ንግድ የያዘው ኩባንያ በዓመት 600 ሊቭር ሊከፍለው ተስማማ። ኤቤር ቤቱን ሸጠ፤ ሚስቱን ማሪ ሮሌንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ኦንፍለር ወደብ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ኩባንያው ቃሉን አጠፈ። ደመወዙን በግማሽ ቆረጠበት፤ ምርቱን ለኩባንያው ብቻ፣ ያውም በፈረንሳይ ገበያ ዋጋ እንዲሸጥ፣ በቆዳ ንግድም እጁን እንዳያስገባ የሚል ሌላ ውል አቀረበለት። ቤቱን የሸጠ ሰው ወዴት ይመለሳል? ፈረመ። ከእኛ መካከል አገር ቤት የተነገረውና ባሕር ማዶ የጠበቀው ደመወዝ አልገጥም ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ኩቤክ ያኔ ጥቂት ነጋዴዎችና መነኮሳት ያሉባት ምሽግ እንጂ መንደር አልነበረችም። ኤቤር ከወንዙ በላይ ባለው አምባ ላይ ዛፉን እየጣለ፣ ጉቶውን እየነቀለ መሬቱን በእጁ ቆፈረ። በማግስቱ ዓመት የሰፈሩ አለቃ ሻምፕላን ሲጎበኘው እህልና የጓሮ አትክልት በቅሎ አገኘ። በ1623 መሬቱ ርስት ሆኖ ጸደቀለት። በሬና ማረሻ ግን አልነበረውም። በዚያ አገር የመጀመሪያው ማረሻ መሬት የነካው በኤፕሪል 1628 ነው፤ እሱ ደግሞ በጃንዋሪ 1627 በረዶ ላይ ወድቆ በዚያው ሞቷል። ያገሬ ገበሬ ይህን ቢሰማ፣ ያለ ሞፈርና ቀንበር ምን ገበሬ አለ ማለቱ አይቀርም።

ወደ ባልደረባዬ ስም ልመለስ። የኤቤር ታላቅ ልጅ አን በወሊድ ሞተች። በልጁ በጊዮም በኩል ያለው የወንድ መስመርም ብዙ ሳይራመድ ተቋረጠ። ዛሬ ኤቤር የሚባሉት ኩቤኮች ከሌሎች ኤቤሮች የመጡ ናቸው። ዘሩ የተረፈው በሁለተኛዋ ሴት ልጁ በጊዬሜት ነው፤ በ1621 ጊዮም ኩያርን አግብታ አሥር ልጆች ወለደች። ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ከነበረበት አገር ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የሚገርመው መዝገቡ ነው። በ1640 የኩቤክ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቡ አብሮ ጋየ፤ በኋላ የተጻፈው ከሰው ትዝታ እየተለቀመ ነው። የባልደረባዬ ወረቀት ጫፍም ያረፈው በዚያ ትዝታ ላይ ነው።

ስፈልግ ያልፈለግሁትንም አገኘሁ። በ1629 እንግሊዞች ኩቤክን ሲይዙ ከማዳጋስካር እንደመጣ የሚታመን አንድ ትንሽ ልጅ በመርከብ አመጡ። ልጁ ተሸጠ፤ ፈረንሳዮች ሲመለሱ ደግሞ ለኩያርና ለጊዬሜት ተሰጠ። ኤቤር ያኔ በሕይወት አልነበረም፤ ቤቱ ግን የልጁ ቤት ነው። በ1633 ኦሊቪዬ ተብሎ ተጠመቀ፣ በ1654 ሞተ። የቀብሩ መዝገብ አገልጋይ ይለዋል።

ባለፈው በጋ ኩቤክ ከተማ ሄጄ በ1918 የተመረቀውን ሐውልት አየሁ። ኤቤር ማጭድና የስንዴ ነዶ ይዟል፤ ማሪ ሮሌ ልጆቿን ይዛ ከታች አለች፤ አማቹ ኩያር ማረሻውን ጨብጧል። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ኦሊቪዬ የለበትም።