የዲናሞው መነኩሴ፦ አባ አንዮሽ ዬድሊክ (1800-1895)

በጎፋ አካባቢ ልጆች የተበላሸ የሪሞት መኪና ወይም ያረጀ ቴፕ ሲፈቱ መጀመሪያ የሚያወጡትን ክብ የብረት ዕቃ ምን እንደሚሉት ብንጠይቃቸው፣ ዲናሞ ነው ብለው ይመልሱልናል። መጻሕፍቱ ሞተር ይሉታል፤ ዲናሞ የሚባለው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ነው። ይሁን እንጂ ልጆቹን ለማረም አንቸኩልም። የዚያን ሞተር ዘንግ በእጃችን ብናሽከረክረው በሽቦዎቹ ጫፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይገኛልና። ሞተርም ዲናሞም በየተራ በእጃቸው ያለፈ አንድ ካቶሊካዊ ካህን ነበሩ፤ ሕይወታቸውን በዚህ እትም ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ ወደድን።

አባ አንዮሽ ዬድሊክ እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1800 በሃንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በስሎቫኪያ በምትገኘው በሲሞ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ኢሽትቫን፣ ማለትም እስጢፋኖስ ነበር። በ1817 ወደ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ማኅበር ሲገቡ አንዮሽ የሚለውን ስም ተቀበሉ፤ በ1825 ማዕረገ ክህነት ተቀብለው በማኅበሩ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ሆኑ።

ወጣቱ መምህር ለማስተማሪያ የሚሆን መሣሪያ ባጡ ጊዜ በራሳቸው እጅ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በሀገራችን ከአምቦ ምድር የሚፈልቀውን ዓይነት ጋዝ ያለው ውኃ እሳቸው በ1826 በመሣሪያ አዘጋጅተዋል። የዘመኑ ታላቅ ወሬ ግን ኤሌክትሪክና ማግኔት ነበር። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1821 ኤሌክትሪክ የተላለፈበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንደሚሽከረከር አሳይቶ ነበር። አባ ዬድሊክ ከ1827 ጀምሮ ባደረጉት ሙከራ ከዚያ አልፈው ሄዱ፤ የማይንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ፣ በውስጡ የሚዞር ኤሌክትሮማግኔት፣ እንዲሁም የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየግማሽ ዙሩ የሚገለብጥ ክፍል ያለው መሣሪያ ሠሩ። አቅጣጫው ካልተገለበጠ የሚዞረው ክፍል ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማልና ብልሃቱ ያለው በዚህ በሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። እሳቸው ለዚሁ ሥራ ሜርኩሪ ተጠቀሙ፤ ዛሬ ካርቦን ይሠራዋል። በልጆቻችን መጫወቻ ውስጥ በውጭኛው ጥቅል ፋንታ ቋሚ ማግኔት ይገባል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በኋላም አባ ዬድሊክ በእንዲህ ዓይነት ሞተር የምትሄድ ትንሽ የተሽከርካሪ ሞዴል ሠርተዋል።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ገለል እንበል። በሰፈራችን አንዳንድ ወጣቶች ድንጋይ ላይ የምትወጣ የሪሞት መኪና አላቸው። ጎርፍ ካጋለጠው ድንጋይ ላይ ሲያወጧት አይተን ተደስተናል፤ ገንዘብ አጠራቅመው የገዙት ፈጣን ሞተር በመጀመሪያው ድንጋይ ሥር ሲጨስም አይተናል። ምክንያቱን ስንመረምር ወደዚያው ወደ ዲናሞው ተመለስን። ሞተር በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ዲናሞም ነው፤ ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቃወም ኤሌክትሪክ በውስጡ ያመነጫል፤ ይህም ከመጠን ያለፈ ጅረት እንዳይገባ ያግደዋል። መኪናዋ ድንጋይ ገፍታ ስትቆም ግን ተቃውሞው ይጠፋል፤ ጅረቱ በሙሉ ኃይሉ ገብቶ ሽቦውን ያግላል። ስለዚህ ድንጋይ ለምትወጣ መኪና የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን በዝግታ የሚገኝ ጉልበት ነው። ካርቦን ባለው ሞተር ላይ የተጻፈው ቁጥር ሽቦው ስንት ዙር እንደተጠመጠመ ይናገራል፤ በአንድ ዓይነት ባትሪ 55 ዙር ያለው ከ35ቱ ይልቅ ቀስ ይላል፤ ለእያንዳንዱ አምፔር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ግን ይበልጣል። ካርቦን የሌለው ሞተር ደግሞ በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይጻፍበታል፦ 2000 ቢል በ7.4 ቮልት ባትሪ ያለ ሸክም 14,800 ጊዜ ይዞራልና ለድንጋይ ዝቅተኛውን ቁጥር፣ በተለይም የዘንጉን አቀማመጥ የሚከታተል ሴንሰር ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ያለ ሴንሰር በዝግታ ሲነሣ ይንገጫገጫል። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ጥርሰኛ ጎማ ትንሽ ስትሆንም ጉልበቱ ይጨምራል። ወጣቶቹ በመጨረሻ ባለ 55 ዙር ገዙ፤ መኪናቸው አሁን እንደ ኤሊ ትሄዳለች፣ ግን ትወጣለች።

ወደ አባ ዬድሊክ እንመለስ። በ1840 በፔሽት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነው እስከ 1878 ድረስ አስተማሩ፤ በ1863ም የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ነበሩ። ከላቲን ወደ ሀገሩ ቋንቋ በተሸጋገረው ትምህርት በ1850 በሃንጋሪኛ የፊዚክስ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለብዙ የሳይንስ ነገሮችም በቋንቋቸው ስም አወጡ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መብራት ጠፋ የምንል እኛ ይህን ድካማቸውን ሳናደንቅ አናልፍም።

በ1861 ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ አመንጪ መሣሪያዎች በቋሚ ማግኔት ይሠሩ ነበር። እሳቸው ግን በብረት ውስጥ የቀረችው ጥቂት ማግኔታዊ ኃይል ጥቂት ኤሌክትሪክ ታስገኛለች፣ ያም ተመልሶ ማግኔቱን ያጠነክራል፣ የጠነከረውም ይበልጥ ያመነጫል የሚለውን ሐሳብ በሥራ ላይ አዋሉ። የዲናሞ መሠረት ይህ ነው። ዛሬ በከተማችን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ዲናሞ ሆኖ ባትሪያቸውን እንደሚሞላ ሹፌሮቻቸው ያውቃሉ።

ሆኖም አባ ዬድሊክ ይህን ግኝት ለዓለም አላሳወቁም። የመሣሪያው ገለጻ በዩኒቨርሲቲው የዕቃ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1866 እና በ1867፣ ጀርመናዊው ቬርነር ሲመንስና ሌሎች ይህንኑ ሐሳብ አወጡ፤ ስሙም የእነርሱ ሆነ። ስለ ሞተሩም እንዲሁ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሳይሠራው አይቀርም ብለው በማሰብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ነበር። አንዳንዶች ይህን ትሕትና ይሉታል። እኛ ግን ተማሪዎቻቸውና ሀገራቸው በዚህ ዝምታ የተጎዱ ይመስለናል፤ የሚያውቁትን ቢጽፉ ኖሮ ሌሎች ያንኑ መንገድ ከመጀመሪያው ለመጀመር ባልተገደዱ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በጄር ከተማ ወደሚገኘው የማኅበራቸው ቤት ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሞተር የሠሩት በዚያችው ከተማ በመምህርነት ሳሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1895 በ95 ዓመታቸው በዚያ ዐረፉ።