ጨውን በግፊት የመረመሩት ሊቅ፤ ፐርሲ ብሪጅማን

በየማዕዳችን ያለው ጨው ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንዲቱን ፍሬ በአጉሊ መነጽር ብንመለከታት ጎኗና ማዕዘኗ የተስተካከለ ትንሽ ሣጥን መስላ እናገኛታለን። ይህም የሆነው አዮን የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ክፍሎቿ እንደ ወታደር ሰልፍ በሥርዓት ስለ ተደረደሩ ነው። እንዲህ ያለውን ጠጣር ነገር ሊቃውንት ክሪስታል ይሉታል። ይህ ሰልፍ በብርቱ ኀይል ቢጫኑት ምን ይሆን? ዕድሜያቸውን በዚህና ይህን በመሰለ ጥያቄ ላይ ያሳለፉትን የፕሮፌሰር ፐርሲ ብሪጅማንን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ብሪጅማን በ1882 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ በኬምብሪጅ ከተማ ተወለዱ። በ1900 ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1908 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1954 ድረስም ከዚያው አልተለዩም።

በባሕር ጠረፍ ላይ አየር በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። ይህ አንድ አትሞስፌር ይባላል። ከብሪጅማን በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች ወደ 3,000 አትሞስፌር ደርሰው ነበር። ከዚያ በላይ እንዳይሄዱ ያገዳቸው በዕቃው መጋጠሚያ እያሾለከ የሚወጣው ፈሳሽ ነበር። ወጣቱ ብሪጅማን ቶሎ ለመግጠምና ለመፍታት የሚመች ማሸጊያ ሲያበጁ፣ ሌላ ታላቅ ጥቅም ያለው ሆኖ አገኙት። ይኸውም ፈሳሹ በገፋ ቍጥር ማሸጊያው ይበልጥ እየጠበቀ የሚሄድ መሆኑ ነው። ከዚህ ወዲህ ወሰኑ የብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሆነ። በዚህም መንገድ 20,000፣ ኋላም የጠነከረ ብረት ሲገኝ 100,000 አትሞስፌርና ከዚያም በላይ ደረሱ።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። ለማዳበሪያ የሚፈለገው ፖታሲየም ክሎራይድ እንደ ገበታ ጨው የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ የፖታሲየም አዮን በ6 የክሎሪን አዮኖች ተከቧል። ግፊቱ 20,000 አትሞስፌር ገደማ ሲደርስ ግን ፒስተኑ በድንገት ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጨውም መጠን ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። አዮኖቹ ቦታ ለመቈጠብ ሰልፋቸውን ለውጠው፣ እያንዳንዱ በ6 ፈንታ በ8 ጎረቤቶች ተከበበ ማለት ነው። ጨው ያው ጨው ነው፤ ያልተጨመረበት ያልተቀነሰለት፤ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲነሣለትም ወደ ቀድሞው ሰልፉ ይመለሳል።

በውሃም ላይ እንዲሁ አደረጉ። በ1937 የገለጡት አንዱ የበረዶ ዐይነት ግፊቱ እስካልተነሣለት ድረስ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎ እንኳ አይቀልጥም። ስለዚህ ሥራቸው ሁሉ በ1946 የፊዚክስን ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ብሪጅማን ትእዛዝ ሰጥተው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሊቅ አልነበሩም። ከቶርኖ ፊት ቆመው ብረት ይቀርጹ፣ መለኪያውንም ራሳቸው ያነቡ ነበር። ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። እርሳስ የሚሠራበትን ግራፋይት በግፊት ወደ አልማዝ ለመለወጥ ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1954 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰዎች ብርቱ ግፊትን ከብርቱ ሙቀትና ከቀለጠ ብረት ጋር አጣምረው አልማዝ ሠሩ። የገበታ ጨውም ቢሆን ሰልፉን የሚለውጠው በ300,000 አትሞስፌር ገደማ መሆኑ የታወቀው በ1968፣ ሊቁ በ1961 ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ከመሬት በታች በጥልቁ ስፍራ፣ ከ660 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲያ የሚገኘው ማዕድን በዚሁ የግፊት ሕግ አሰላለፉ የተለወጠ ነው። ከምድራችን ማዕድናት ሁሉ እጅግ የበዛው እርሱ ሲሆን፣ በ2014 ብሪጅማናይት ተብሎ በስማቸው ተሰየመ።

ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፤ የእጅ ሥራ የተማረን ሰው ያዋርዳል የሚል ቢያጋጥማችሁ ይህን እናስታውሳችሁ፤ ለዚህ ሁሉ ዕውቀት በር የከፈተው አንድ በደንብ የተሠራ ማሸጊያ ነው።